በአንጎል ምስል ላይ የታየው ለውጥና የልጄ ሕክምና

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ8 ዓመት ልጄ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር ታማ በሕክምና ላይ ናት። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት በወገቧ በኩል በመርፌ ከተሰጣት ከሳምንት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተሳሰረ። በዕለቱ የተነሣችው ሲቲ ስካን ችግር የለውም ተባለ፤ የማግስቱ ኤምአርአይ ግን «በነጩ የአንጎል ክፍል ላይ ለውጥ ይታያል» ይላል። ተመስገን፣ በሦስተኛው ቀን እጇም አንደበቷም ተመለሰላት። ከሁለቱ ምስሎች የትኛውን ልመን? አንጎሏ ተጎድቷል ማለት ነው? መድኃኒቱስ ይቁምላት ልበል?

የልጅቷ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እናት፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረልዎት። ሁለቱም ምስሎች ትክክል ናቸው። ሲቲ ስካን የደም መፍሰስንና ከባድ እብጠትን ፈጥኖ ስለሚለይ እሱን ማስቀደም ተገቢ ነበር፤ ሜቶትሬክሴት መጀመሪያ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። ከኤምአርአይ የአነሣስ ስልቶች አንዱ ውሃ በአንጎል ውስጥ ምን ያህል በነፃነት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። መድኃኒቱ ነጩን ክፍል፣ ማለትም የነርቭ ሴሎችን የሚያገናኙት ክሮች የሚያልፉበትን ሥፍራ፣ ሲያውከው ይህ እንቅስቃሴ ይገደብና ቦታው ደምቆ ይታያል። ስትሮክም እንዲሁ ደምቆ ይታያል፤ ነገር ግን የስትሮክ ጉዳት አንድ የደም ሥር የሚመግበውን አካባቢ ተከትሎ ሲገኝ፣ ይህኛው እንዲህ ያለውን ወሰን አይከተልም።

ይህ ሕመም በአብዛኛው መድኃኒቱ በወገብ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይነሣል፤ አብዛኞቹ ልጆችም እንደ ልጅዎ በቀናት ውስጥ ይድናሉ። ምስሉ ግን ከልጁ ዘግይቶ ስለሚያገግም፣ ደኅና ሆና እየተጫወተች ለሳምንታት ወይም ለወራት ለውጡን ሊያሳይ ይችላል። በአሜሪካ ሜምፊስ በሚገኘው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ሆስፒታል፣ ከ2000 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ራሳቸው በጨረር ሳይመታ በመድኃኒት ብቻ የታከሙ ልጆች በየጊዜው ኤምአርአይ ሲነሡ፣ ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ምንም ሕመም ሳይሰማው ይህ ለውጥ ታይቷል። ምልክት ያሳዩት ከ100 ልጆች 4 አይሞሉም ነበር። ስለዚህ «ለውጥ አለ» የሚለው ቃል ብቻውን የልጅዎን የወደፊት ዕጣ አይናገርም። ሆኖም ለውጡ የታየባቸው ልጆች ካደጉ በኋላ ሥራን በማቀድና በማደራጀት ረገድ ከሌሎቹ የበለጠ ችግር ስለተገኘባቸው፣ ነገሩን ከናካቴው መርሳትም አይገባም።

መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ እንዳያስቆሙ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በወገብ የሚሰጠው ካንሰሩ አንጎል ውስጥ ተደብቆ እንዳያገረሽ ነው። ቀደም ሲል ለዚሁ ዓላማ የልጆች ራስ በጨረር ይመታ ነበር፤ በትምህርታቸውና በዕድገታቸው ላይ ያደረሰው ጉዳት ይህ መድኃኒት ካደረሰው እጅግ የከፋ ነበር። እንዲህ ያለ ሕመም ከደረሰባቸው ልጆች አብዛኞቹ መድኃኒቱን ዳግመኛ ወስደው አልተመለሰባቸውም፤ ሐኪሟ ቀኑን ሊያራዝም ወይም ለጥቂት ጊዜ በሌላ መድኃኒት ሊተካው ይችላል። ሜቶትሬክሴት የሚሠራው ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን በማገድ ስለሆነ፣ ፎሊክ አሲድ ያለበትን ቫይታሚን ከፋርማሲ ገዝተው አይስጧት፤ ሕክምናውን ሊያዳክም ይችላል።

ኤምአርአይ እንደገና ቢታዘዝላት፣ እንደ ሲቲ ስካን ጨረር ስለሌለው በዚህ በኩል አይስጉ። ድምፁ ኃይለኛ ነውና አስቀድመው ይንገሯት፤ በዕድሜዋ ያሉ ብዙ ልጆች ከተዘጋጁ ያለ ማደንዘዣ ጸጥ ብለው ይተኛሉ። በማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ ስምና የተሰጠበት ቀን መጻፉን ይጠይቁ። በዚሁ ሕክምና ወቅት የደም ግፊት መጨመር የአንጎልን የኋላ ክፍል ሊያሳብጥ፣ አስፓራጅኔዝ የተባለው መድኃኒትም በአንጎል ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ደም ሊያረጋ ስለሚችል፣ ምስሉን የሚያነብበው ሐኪም ሦስቱን ለመለየት ይህን ማወቅ አለበት።

ትምህርቷን ስትቀጥል መምህሯ ትኩረቷንና የሥራ ፍጥነቷን እንዲከታተሉ ያነጋግሯቸው፤ የዘገየች ከመሰላቸው ለሐኪሟ ነግረው የመማር ችሎታዋ እንዲመረመር ያድርጉ። የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ መንቀጥቀጥ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከታየባት ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።