በእርሳስ ስለተበከለ የጓሮ አፈር
ጠያቂያችን አዳማ ውስጥ የመኪና ባትሪ ይጠገንበት የነበረን ግቢ ገዝተው፣ ጎመን ከመትከላቸው በፊት በአፈሩ ውስጥ የቀረውን እርሳስ (ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት) የሱፍ አበባ ተክሎ በሥሩ እንዲስበው በማድረግ ማጽዳት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እርሳስ ከአፈሩ ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ወደ ቅጠል የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ በመሆኑም ይህ መንገድ አሥርተ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ የታጨደውም ተክል ለከብት አይሰጥም።

እኔ የምመርጠው፣ አፈሩ በላቦራቶሪ ከተመረመረ በኋላ፣ የባትሪ ስብርባሪ የሚታይበትን የላይኛውን ክፍል አስነስቶ፣ በቀረው ላይ ፎስፌት ያለው ማዳበሪያና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት መቀላቀልን ነው፤ ፎስፌቱ እርሳሱን በውኃ በቀላሉ ወደማይሟሟ ማዕድን ይለውጠዋል፣ ከቦታው ግን አያጠፋውም። የባትሪ አሲድ የፈሰሰበት አፈር ኮምጣጣ ስለሚሆን፣ ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ) ወደ 6.5 ወይም 7 እስኪደርስ ኖራ ይጨመርበታል። የአዳማ ነፋስ የታወቀ ነውና፣ ሲቆፈር አፈሩ ይርጠብ፤ ሕፃናትን ይበልጥ የሚጎዳው ከጎመኑ ይልቅ አቧራው ነው። ጎመኑን ከሌላ ቦታ በመጣ ንጹሕ አፈር በተሞላ ከፍ ያለ መደብ ላይ ይትከሉት።