ክንፉ ብሎክ አይደለም

ጥያቄ፦ የልኬት ሥራ ከጀመርኩ ገና 2ኛ ዓመቴ ነው። የአሉሚኒየም ኢምፔለር (አየር ወይም ፈሳሽ የሚገፋ ተሽከርካሪ) ክንፎችን በሲኤምኤም፣ ማለትም ገጹን እየነካ ቅርጽ በሚለካ ማሽን፣ እፈትሻለሁ። ቅርጻቸው ጠማማ ነው፤ ቶለራንሱ (የሚፈቀደው ዝንፈት) ወደ ላይም ወደ ታችም 25 ማይክሮን፣ ማለትም 25 ሺህኛ ሚሊሜትር። አለቃዬ «የማሽኑ ሰርተፍኬት 2 ማይክሮን ይላል፤ የልኬቱ የጥርጣሬ ወሰን ብለህ እሱኑ ጻፍ» ይለኛል። ልጻፈው?

መልስ፦ አትጻፈው፣ ወንድሜ። አለቃህ ላይ ግን አልፈርድም፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ያ 2 ማይክሮን የተገኘው ቀጥ ያለ የርዝመት ብሎክ ተለክቶ ነው። ክንፍህ ብሎክ አይደለም።

ጉዱ ያለው ፕሮቡ፣ ማለትም ገጹን የሚነካው ዘንግ፣ ጫፍ ላይ ባለችው ትንሽ ኳስ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የኳሷን መሃል ብቻ ነው። የነካችውን ነጥብ ለማግኘት ከመሃሏ ተነስቶ ሬዲየሷን ያህል ወደ ገጹ ይሄዳል። በየት አቅጣጫ? ገጹ ወዴት እንደዞረ በገመተው። የ3 ሚሊሜትር ሬዲየስ ያላት ኳስ ይዘህ ግምቱ በ5 ዲግሪ ቢዘም፣ 11 ማይክሮን ያህል ተሳስተሃል። የክንፉ ጠርዝ ላይ፣ ኩርባው ጥብቅ በሚልበት ቦታ፣ በ5 ዲግሪ መሳሳት በጣም ቀላል ነው።

ሙቀቱም አለ። ልኬት የሚነገረው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 200 ሚሊሜትር አሉሚኒየም በ25 ዲግሪ ሲለካ ወደ 23 ማይክሮን ይረዝማል። ከመቁረጫው ገና የወጣ፣ እጅ ላይ ለብ የሚል ክንፍ ለክቼ «ተበላሽቷል» ያልኩበት ቀን አይረሳኝም። በማግስቱ ደህና ሆኖ አገኘሁት!

ታዲያ ምን ይሻላል? እነዚህን አንድ በአንድ ለማስላት አትድከም። አይኤስኦ 15530-3 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ አቋራጭ አለው። ከራስህ ክንፎች አንዱን የተሻለ መሣሪያ ያለው ላብራቶሪ ካሊብሬት ያድርግልህ፤ ማለትም ትክክለኛ ልኩን ለክቶ ይስጥህ። ከዚያ በተለያየ ቀን፣ እየፈታህ እንደገና እያሰርክ፣ ቢያንስ 20 ጊዜ ለካው። አማካዩ ከላብራቶሪው ቁጥር ከራቀ ልዩነቱን አርም። ማሰሩን አትዝለል፤ ብዙ ሰው አንዴ አስሮ 20 ጊዜ ይነካና ውጤቱ ሲያምርለት ይደሰታል።

የካሊብሬሽኑ ድርሻ 1.5፣ የ20ው ልኬት መበታተን 2፣ ከክንፍ ክንፍ ያለው ልዩነት 1 ማይክሮን ነው እንበል። እያንዳንዱን በራሱ አባዛ፣ ደምር፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፤ 2.7። በ2 ስታባዛው 5.4 ማይክሮን። ሪፖርቱ ላይ የሚገባው እሱ ነው።

ለአለቃህ ደግሞ ይህን አሳየው። በአይኤስኦ 14253-1 የ2017 እትም መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሻጭ «አልፏል» የሚለው ዝንፈቱ ከ25 ላይ 2.7 በ1.65 ተባዝቶ የሚገኘው 4.5 ያህል ተቀንሶ፣ 20.5 ውስጥ ሲሆን ነው። 22 ያነበበ ክንፍ ቢመጣ እናንተም ደህና ነው ብላችሁ ማረጋገጥ አትችሉም፣ ገዢውም ብልሽት ነው ብሎ ሊመልሰው አይችልም።