«የውሳኔ ሐሳብ» የሚባለው ውሳኔ ነው ወይስ ሐሳብ?

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «የፀጥታው ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳቡን አጸደቀ» ይባላል። በሳምንቱ «የውሳኔ ሐሳቡ አልተከበረም» ይላሉ። ከጸደቀ በኋላም ሐሳብ ነው እንዴ? ሄግ ያለው ፍርድ ቤትም አንዴ «ፈረደ»፣ አንዴ «አዘዘ»፣ አንዴ «አስተያየት ሰጠ»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ብይን ሰጠ» ይባላል። ልዩነት አለው ወይስ ጋዜጠኛው ደስ ያለውን ነው የሚጽፈው?

መልስ፦ ልዩነቱም አለ፣ ደስ ያለውን የሚጽፍም አለ።

የውሳኔ ሐሳብ ገና ድምፅ ያልተሰጠበት ነገር ነው። ድምፅ ተሰጥቶበት ካለፈ ሐሳብነቱ አበቃ። ስለዚህ «የውሳኔ ሐሳቡን አጸደቀ» ችግር የለበትም፤ «የውሳኔ ሐሳቡ አልተከበረም» ግን ያሳስታል። ያልተከበረው ውሳኔው ነው። ከድምፁ በፊት «ረቂቅ»፣ ከድምፁ በኋላ «ውሳኔ» ብንል እንገላገላለን።

«ብዙዎቹ የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔዎች እኮ አያስገድዱም፤ ውሳኔ ማለት አይበዛባቸውም?» የሚል አይጠፋም። አይበዛባቸውም። ማስገደዱን የሚነግረን በአብዛኛው ግሱ ነው። በተመድ ቻርተር አንቀጽ 25 አባል አገሮች የፀጥታውን ምክር ቤት ውሳኔዎች ተቀብለው ለመፈጸም ተስማምተዋል። ሆኖም ምክር ቤቱ በአንድ ሰነድ ውስጥ አንዱን ነገር «ይወስናል»፣ ሌላውን «ያሳስባል»፣ ለሌላው «ጥሪ ያቀርባል»። የሄጉ ፍርድ ቤት (ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት) እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ናሚቢያ ተጠይቆ ሲመልስ፣ አንድ ውሳኔ ያስገድዳል ከማለታችን በፊት የተጻፈበት ቋንቋ በጥንቃቄ ይመርመር ብሏል።

አማርኛችን የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። «ጠየቀ» ለልመናም፣ ለጥያቄም፣ ለጠበቀ ትእዛዝም ይሆናል። በመጋቢት 2024 በጋዛ ተኩስ እንዲቆም የወጣው ውሳኔ 2728 በ14 ድምፅ ሲያልፍ፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገችው አሜሪካ «አስገዳጅ አይደለም» አለች፤ ሌሎች ደግሞ ያስገድዳል ብለው ተከራከሩ። በሰነዱ ውስጥ ያለው ግስ ጠንከር ያለ ነው። በአማርኛ «ጠየቀ» ብቻ ብለን ካለፍነው ግን ክርክሩ ከነጭራሹ አይታየንም። እኔ «አጥብቆ ጠየቀ» እላለሁ። የተሻለ ያለው ይንገረኝ።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንምጣ። ሄግ ውስጥ ሁለት የሚምታቱ ፍርድ ቤቶች አሉ። ግለሰቦችን በወንጀል የሚያየው ሌላ ነው። የምናወራው 15 ዳኞች ስላሉት፣ አገር አገርን ስለሚከስበት ነው። የዚህ «ፍርድ» ይግባኝ የሌለው ሲሆን የሚያስገድደውም ተከራካሪዎቹን ነው። «ትእዛዝ» ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚሰጥ ጊዜያዊ እርምጃ ነው።

ይህ ትእዛዝ ያስገድዳል አያስገድድም የሚለው ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ የኖረው በአንድ ግስ የተነሳ ነው። የፍርድ ቤቱ መተዳደሪያ አንቀጽ 41 በእንግሊዝኛው ለስለስ ብሎ «ሊወሰዱ የሚገባቸው» እርምጃዎች የሚል ዓይነት ነው። ፈረንሳይኛው «መወሰድ ያለባቸው» ይላል። ሁለቱም እኩል ተቀባይነት አላቸው። በ1999 ፍርድ ቤቱ፣ አሪዞና ውስጥ ሞት የተፈረደበት ጀርመናዊ ዋልተር ላግራንድ ጉዳዩ ታይቶ እስኪያልቅ እንዳይገደል አዘዘ። በዚያው ቀን ተገደለ። ጀርመን ክርክሩን ገፋችበት፤ በ2001 ፍርድ ቤቱ የአንቀጹን ዓላማ አይቶ ትእዛዙ አስገዳጅ ነበር ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ «አሳሰበ» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። «አዘዘ» ነው።

«አስተያየት ሰጠ» የሚለውም ልክ ነው፤ የምክር አስተያየት አያስገድድምና። ችግሩ «አስተያየት ብቻ ነው» ሲባል ነው። በ2019 ፍርድ ቤቱ ብሪታኒያ በሕንድ ውቅያኖስ ያሉትን የቻጎስ ደሴቶች አስተዳደር በተቻለ ፍጥነት ታቁም ሲል ብሪታኒያም «ምክር ነው» ብላ ነበር። በ2025 ግን ሉዓላዊነቱን ለሞሪሺየስ የሚሰጥ ስምምነት ፈረመች። «ብቻ»ን ቢያወጧት ዜናው አይጎድልም። በ2025 ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተሰጠውን አስተያየት ያስጠየቁት አገሮች በፓስፊኳ ደሴት አገር በቫኑአቱ መሪነት ያን ያህል የደከሙትም ክብደቱን ስለሚያውቁት ይመስለኛል።

«ብይን»ን ለመጨረሻው ፍርድ ባንጠቀምበት ይሻላል። በሕግ አማርኛ ብይን በክርክሩ መሃል ለሚነሳ ነጥብ የሚሰጥ ነው፤ ለምሳሌ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለው የለውም የሚለውን ሲለይ።