ሪስታርት ሲደረግ የሚጠፋው ፕሮግራምና የሥራ ፍለጋው

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኮምፒውተር ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ያለሽ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ ራሙም 1 ጊጋባይት ብቻ። የዘመኑን ሲስተሞች መሸከም ሲያቅተው ታይኒ ኮር ሊኑክስ የሚባለውን በጣም ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንሽበት፤ ፈጠነልሽ። ችግሩ ብራውዘርና የኮድ መጻፊያ ከጫንሽ በኋላ ሪስታርት ስታደርጊው ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፕሮግራሞቹ ሳይጠፉ ያስተካከልሽው ሴቲንግ ብቻ ይጠፋል። ጓደኞችሽ «ማንም በማይቀጥርበት ነገር ጊዜሽን አታቃጥይ» ይሉሻል። አንቺም «እውነት ይሄ ሥራ ያስገኛል? ሲቪዬ ላይስ ምን ብዬ ልጻፈው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። «ታይኒ ኮር የሚችል ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም፤ ታገኛለሽ ብዬም አልዋሽሽም። የቀረውን ግማሽ ግን ስተውታል።

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ሲስተም አድሚን ነበርኩ። አሁንም አንዳንድ ቀጣሪዎች ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ አብሬያቸው እንድቀመጥ ይጠሩኛል፤ ተራዬ ሲደርስ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይህ ማሽን ዛሬ ማታ ቢቃጠል ነገ ጠዋት በምን ትመልሰዋለህ?» አብዛኛው ሰው ሳያስብ «በባክአፕ» ይላል። «የምኑን ባክአፕ?» ስለው ዝም ይላል። ማሽኑ ላይ ካሉት ሺህ ፋይሎች ሰው አስቦ ያስገባው የትኛው እንደሆነ፣ ሌላውን ተከትሎ የገባው የትኛው እንደሆነ፣ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣው የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚነግረኝ ጥቂት ነው። አንቺ ላፕቶፕሽ ያበሳጨሽ ይህንኑ በግድ ሊያስተምርሽ ስለሞከረ ነው።

እስቲ መጀመሪያ የጠፋብሽን እንፈልግ፤ የሥራው ወሬ ከሱ ይወጣል።

ታይኒ ኮር ሲነሳ መሠረቱን ከዲስክ አንብቦ ራም ላይ ያሰፍረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው እዚያው ራም ላይ ነው። ግራፊክስ የሌለው መሠረት 20 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ኤክስቴንሽን ነው። ኤክስቴንሽን ማለት ደግሞ ስኳሽኤፍኤስ በሚባል የማይጻፍበት የፋይል ሥርዓት ታምቆ የታሸገ አንድ ፋይል ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ቲሲዚ ይላል። «ጫንኩ» ስትይ እንደ ሌሎቹ ሲስተሞች ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ አይበተኑም። እሽጉ እንደታሸገ ማውንት ይደረግና (እንደ አንድ ዲስክ ይከፈትና) ውስጡ ያለው በሊንክ ከሲስተሙ ጋር ይያያዛል።

እንግዲህ ዋናው ነገር እሽጉ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ተርሚናል ክፈቺና ኢቲሲ ውስጥ፣ ሲስኮንፊግ በሚባለው ፎልደር፣ ቲሲኢዲር የሚለውን ሊንክ ወዴት እንደሚያመለክት እዪው። ዲስክሽ ወይም ፍላሽሽ ላይ ወዳለ ቲሲኢ ፎልደር ካመለከተ ደህና ነው። ቲኤምፒ ሥር ካለ ቲሲኢ ላይ ካረፈ ግን ያወረድሽው ሁሉ ራም ላይ ነው ያለው፤ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የመጀመሪያው ችግርሽ ይህ ይመስለኛል። ቲሲኢ-ሴትድራይቭ የሚባለው ትዕዛዝ ቋሚ ቦታ ያስመርጥሻል፤ አንዴ ከመረጥሽ በኋላ ፕሮግራሞቹን እንደገና አውርጂ።

ቋሚው ፎልደር ሲኖርሽ ውስጡን ግቢና ተመልከቺው፤ ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ የፓኬጅ (የታሸገ ፕሮግራም) አስተዳደር ትምህርት አላየሁም። ኦፕሽናል የሚለው ፎልደር ውስጥ እሽጎቹ ተደርድረዋል። ከእሽጉ ጎን በዴፕ የሚያልቅ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ታገኛለሽ፦ ያ ፕሮግራም ያለ እነማን እንደማይቆም ይዘረዝራል። ስሙ ውስጥ ኤምዲ5 የሚል ያለበት ደግሞ ሲወርድ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ነው። ከፎልደሩ ውጭ ኦንቡት የሚባል ዝርዝር አለ፤ ሲስተሙ በተነሳ ቁጥር የሚጭናቸውን በስም ይዟል። ቲሲኢ-ሎድን ደብልዩና አይ ጨምረሽ ስትሰጪው ደብልዩው ያወርዳል፣ አይው ይጭናል፤ ስሙም ኦንቡት ላይ ይገባል። አብረው የወረዱት ጥገኞች ግን ዝርዝሩ ላይ አይጻፉም፤ ዋናው ሲነሳ በዴፕ ፋይሉ በኩል ተጎትተው ይመጣሉ። ትዕዛዙን ሩት (የሲስተሙ ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ) ሆነሽ አትስጪው፤ ራሱም እምቢ ይልሻል።

ኦንቡት ውስጥ ስንት መስመር አለ? ኦፕሽናል ውስጥስ ስንት እሽግ? ቁጥሩ ይለያያል፤ ልዩነቱ «የጠየቅኩት» እና «ተከትሎ የመጣው» በሚሉት መካከል ያለው ነው። ከላይ ለነገርኩሽ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ የመልሱ ቁልፍ እዚያ አለ።

ሁለተኛው ችግርሽ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ተቀምጦ ሴቲንጉ የሚጠፋው ሆም ፎልደርሽም ራም ላይ ስለሆነ ነው። የሚተርፈው ወደ ማይዳታ ፋይል ባክአፕ የተደረገው ብቻ ነው። ምን ባክአፕ እንደሚደረግ የሚወስነው ኦፕት ውስጥ ያለው፣ በነጥብ የሚጀምር ፋይልቱል የተባለ ዝርዝር ነው፤ ከመነሻው ኦፕትንና ሆምን ብቻ ይዟል። ኢቲሲ ውስጥ ያለ ነገር ቀይረሽ ከሆነ የዚያን ፋይል መንገድ፣ የመጀመሪያውን ስላሽ ትተሽ፣ በአንድ መስመር ጨምሪበት። ላፕቶፑንም ቁልፉን ይዘሽ አታጥፊው፤ በመውጫው በኩል ባክአፕ አስደርገሽ ውጪ።

ስለ ማራገፍ ደግሞ ከራሴ ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቦታ የጠበበው ትንሽ ማሽን እንዳጸዳ ተሰጠኝ። «ይህን ማንም አልጠየቀም» ብዬ አንድ የግራፊክስ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበትን ፋይል) ሰረዝኩ። ምንም አልሆነም! ሁሉም ይሠራል፣ እኔም ኮርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ላይብረሪው ቀድሞ ራም ላይ ተከፍቶ ስለነበር ነው እንጂ ጉዳቱ ሪስታርትን እየጠበቀ ነበር። ማለዳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ አገኘሁት፤ የሰረዝኩትን ስም ደግሞ የትም አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተቀየረ፦ መጀመሪያ ከዝርዝሩ ላይ ስሙን ብቻ አወጣለሁ፣ ሪስታርት አደርጋለሁ፣ ጥቂት ቀን እጠቀምበታለሁ፣ ፋይሉን የምሰርዘው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም ኦንቡት ላይ እንዲሁ አድርጊ። ሥራ ስትገቢ ይህንኑ ነገር የለውጥ አስተዳደር ብለው በትልቅ ስም ይጠሩልሻል።

አሁን ወደ ገበያው። ከአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የተማርሽው ሦስት ቦታ ስሙን ቀይሮ ይጠብቅሻል።

ከሦስቱ ትልቁ ኮንቴይነር ነው፤ ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አንድ ላይ አሽጎ ማስኬጃ። ዶከር የሚባለው የኮንቴይነር መሣሪያ ብዙ ኢሜጆች (እሽጎች) የሚሠሩት በአልፓይን ሊኑክስ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መሠረቱ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። የአልፓይን ፓኬጅ ማስተዳደሪያ ኤፒኬ ይባላል፤ አድ ይጨምራል፣ ዴል ያወጣል። ኢቲሲ ውስጥ ኤፒኬ ፎልደር ሥር ወርልድ የሚባል የጽሑፍ ፋይል አለው። ክፈቺው፤ በስም የተጠየቁ ፓኬጆች ብቻ ናቸው ያሉት። ወንድሙን ታውቂዋለሽ፤ ኦንቡት ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ የሚባሉት ሊኑክሶች ላይ ደግሞ አፕት-ማርክን ሾውማንዋል ብለሽ ስትጠይቂው ተመሳሳዩን ዝርዝር ይሰጥሻል፤ ኦቶሪሙቭ የሚሰርዘው ከዚህ ዝርዝር ውጭ ያሉትንና ማንም የማይፈልጋቸውን ነው። ይህን ዝምድና በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የቻለ ጀማሪ፣ አሥር ዲስትሪቢዩሽን (የሊኑክስ ዓይነት) ሞክሬያለሁ ከሚል ይሻለኛል።

አልፓይን ላይ እያለሽ አንድ ነገር ሆን ብለሽ አበላሽተሽ እዪ። ለኡቡንቱ የተሠራ አንድ ባይነሪ ፕሮግራም አምጥተሽ ለማስነሳት ሞክሪ። ብዙ ጊዜ «ኖት ፋውንድ» ይልሻል። ፋይሉ ዓይንሽ እያየው፣ በኤልኤስ ስትዘረዝሪው ስሙ እየወጣ፣ ፈቃዱም ትክክል ሆኖ፣ «የለም» ይልሻል። ያጣው ያንቺን ፋይል አይደለም። ፕሮግራሙ የተሠራው ጂሊብሲ ከሚባለው መሠረታዊ ላይብረሪ ጋር ነው፤ ሲነሳ የዚያን ላይብረሪ ሎደር (ፕሮግራሙን ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያያይዘውን) በተወሰነ ቦታ ይፈልጋል፤ አልፓይን ደግሞ የሚጠቀመው መስል የተባለውን ስለሆነ ሎደሩ እዚያ ቦታ የለም። የጎደለው ሎደሩ ሆኖ ሳለ ስሙ የሚጠራው ፕሮግራሙ ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ ፈቃድ ሲቀይርና መንገድ ሲያስተካክል የሚውልበት ስህተት ይህ ነው። መፍትሔው ከአልፓይን የራሱ ሪፖዚቶሪ መውሰድ፣ ወይም ከሶርስ ኮዱ እዚያው መገንባት፣ ወይም ጂሊብሲ ያለው መሠረት መምረጥ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «የፈታሽውን ችግር ንገሪን» ሲሉሽ ይህን ንገሪያቸው። ግን ያልደረሰብሽን ታሪክ እንዳታወሪ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ያጋልጥሻል።

ሌላው የራውተርና የትናንሽ መሣሪያዎች ሥራ ነው፤ ኦፕንደብልዩአርቲ የሚባለው የራውተር ሊኑክስ የሚነግሥበት። እዚያ መሠረቱ የማይጻፍበት ስኳሽኤፍኤስ ላይ ነው፤ አንቺ የምትጨምሪው ከላዩ በተነጠፈ ሌላ ንብርብር ላይ ያርፋል። ስለዚህ አብሮት የመጣን ፓኬጅ ብታራግፊ ቦታ አይለቀቅልሽም፤ ከላይ ይሸፈናል እንጂ ከሥር አለ። የታይኒ ኮርን እሽግ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ሦስተኛው ቦታ የሕዝብ መጠቀሚያ ስክሪኖችና ቀጫጭን ተርሚናሎች ናቸው፤ ሲነሱ ሁሌ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነሱ የሚፈለጉ ማሽኖች። አንቺን ያስለቀሰሽ ጠባይ እዚያ ተፈላጊ ነው።

በታይኒ ኮር ብቻ ግን እንዳትቀሪ። ማስታወቂያዎቹ የሚጠይቁት ዴቢያንና ኡቡንቱን ወይም የሬድ ሃትን ወገን ነው። ኤልፒአይሲ-1 የሚባለው የሊኑክስ ምስክር ወረቀት በሁለት ፈተና የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው ውስጥ የዴቢያንም የአርፒኤምም (የሬድ ሃት ወገን የሚጠቀምበት) ፓኬጅ አስተዳደርና የጋራ ላይብረሪዎች ጉዳይ ተካተዋል። ፈተናውን ባትወስጂም የርዕሶቹን ዝርዝር እንደ መማሪያ ካርታ ተጠቀሚበት። ከተመረቅሽ በኋላ ብትወስጂው ይሻላል የሚል አስተያየት አለኝ፤ አሁን የሚያስፈልግሽ የሠራሽው ነገር ነው።

ሲቪሽ ላይ «ሊኑክስ፦ በጣም ጥሩ» ብለሽ አትጻፊ። ያ መስመር ማንንም አያስቆምም። በምትኩ አንድ ሥራ ሥሪ፦ የላፕቶፕሽን ኦንቡት፣ የፋይልቱል ዝርዝርና የቀየርሻቸውን ሴቲንጎች በጊት (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው መሣሪያ) አስቀምጪ። ከዚያ ባዶ ፍላሽ አምጪ፤ በእነዚያ ፋይሎች ብቻ፣ ከትዝታሽ ምንም ሳትጨምሪ፣ ያንኑ የሥራ አካባቢ መልሰሽ ገንቢ። መጀመሪያ አይሳካም፤ የሆነ ቦታ በእጅሽ አስተካክለሽ የረሳሽው ነገር ይኖራል። ያንን ጻፊው፣ ዝርዝሩን አርሚ፣ እንደገና ሞክሪ። ሰዓት ያዢ። ሲሳካልሽ ሲቪሽ ላይ እንዲህ ብለሽ አስገቢ፦ «1 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ የታይኒ ኮር የሥራ አካባቢ አዘጋጅቻለሁ፤ ከባዶ ፍላሽ በተጻፈ ዝርዝር ብቻ በዚህን ያህል ደቂቃ መልሼ እገነባዋለሁ።» ደቂቃውን አንቺ የለካሽውን አድርጊው። ቀጥሎ ተመሳሳዩን ሥራ በአልፓይን ላይ በዶከርፋይል (ኢሜጅ የሚገነባበት የትዕዛዝ ዝርዝር) ሥሪውና ከጎኑ ጨምሪ። የመጀመሪያውን ያነበበ ቀጣሪ ሁለተኛውን ለምን እንደሠራሽ ሳትነግሪው ይገባዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ታይኒ ኮር ዋና ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር የራሱ ሪፖዚቶሪ አለው። ከድሮ ስሪት ያገኘሽውን እሽግ በአዲሱ ላይ አትደባልቂ፤ በተለይ የከርነል ሞጁል የያዘውን። አልፓይን ላይም የተረጋጋውን ስሪት ኤጅ ከሚባለው፣ ገና በግንባታ ላይ ካለው ስሪት ጋር አታቀላቅይ። የጎደለሽን አንድ ፕሮግራም ለማግኘት ስትይ ሁለቱን ብትቀላቅይ ዝርዝርሽ መልሶ የማይገነባውን ማሽን ትሠሪያለሽ።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «ሌላ ኮምፒውተር ስለሌለኝ ነው ይህን የተጠቀምኩት ብል ያፍሩብኛል?» ብለሻል። ማንም አያፍርብሽም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸውና እለፊው፤ ሐተታ አያስፈልገውም። ከዚያ ፍላሹን ከቦርሳሽ አውጪ። ማስነሻ ማሽን ከፈቀዱልሽ እዚያው ፊታቸው አስነሺው።