የልጅ የፕሮቤሽን መዝገብ ከካውንቲ ወደ ካውንቲ ሲዛወር

ልጅዎ በሎስ አንጀለስ የወጣቶች ፍርድ ቤት በፕሮቤሽን ላይ፣ ማለትም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ግዴታዎች ተጥለውበት በክትትል ሥር፣ እያለ እርስዎ ለሥራ በሌላ ካውንቲ (የስቴቱ የአስተዳደር ክፍል) ወደምትገኘው ሳን ሆዜ ስለሚዛወሩ፣ መዝገቡ አብሯችሁ ይሄድ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የእህቴ ልጅ መዝገብ እዚሁ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ ካውንቲ ወደ ሌላ ሲዛወር ግን ከእናቱ ጋር ሆኜ ተከታትያለሁ።

በካሊፎርኒያ ደንብ መሠረት የልጁ መኖሪያ የሚባለው በሕግ ልጁን ይዞ የማሳደግ መብት ያለው ሰው የሚኖርበት ካውንቲ ነው። ስለዚህ እርስዎ ሲዛወሩ መዝገቡም ሊዛወር ይችላል፤ ነገር ግን ዳኛው ችሎት ላይ አድራሻው መለወጡንና ዝውውሩ ለልጁ የሚበጅ መሆኑን አረጋግጠው ማዘዝ አለባቸው። ከመንቀሳቀስዎ በፊት ለፕሮቤሽን ኦፊሰሩና ለልጁ ጠበቃ ያሳውቁ፤ የቤት ኪራይ ውልዎንም ያቅርቡ። በእኛ ሰው ዘንድ «ከሰፈር ጓደኞቹ ይራቅ» ተብሎ ልጁን ቀድሞ ወደ አጎቱ መላክ የተለመደ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ያለ ፈቃድ ከተደረገ ልጁን የፕሮቤሽን ግዴታውን እንደጣሰ ሊያስቆጥረው ይችላል።

ከችሎቱ ይልቅ አስቸጋሪው በሁለቱ ካውንቲዎች መካከል ያለው ጊዜ ነው። ተቀባዩ ፍርድ ቤት መዝገቡን አልቀበልም ማለት አይችልም፤ ልጁ ካልታሰረ ሰነዱ በደረሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ከታሰረ ደግሞ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ችሎት መያዝ አለበት። ሆኖም በእኛ ጉዳይ የቀድሞው ኦፊሰር «ከእኔ ወጥቷል» ሲሉ፣ አዲሱ ቢሮ «መዝገቡ አልደረሰንም» እያለ ልጁ ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶን ነበር። አዲሱ ዳኛ እስኪለውጡት ድረስ የቀድሞው ትእዛዝ በሙሉ ጸንቶ ይቆያል፤ የሰዓት እላፊውም፣ የማኅበረሰብ አገልግሎቱም፣ ለተበዳዩ የሚከፈለው ካሳም አይቀርም። በመሆኑም ለሁለቱም ቢሮዎች በጽሑፍ እየጻፉ ቅጂውን ያስቀምጡ፤ ልጁ ያጠናቀቃቸውን የአገልግሎት ሰዓታትና የምክር ትምህርቶች ማረጋገጫም በእጅዎ ይያዙ፣ አለበለዚያ እንደገና ሊያስጀምሩት ይችላሉ።

ሐሳብዎ ተቀይሮ ወደ ላስ ቬጋስ ለመሄድ ካሰቡ ግን ኔቫዳ ሌላ ስቴት ስለሆነች ነገሩ በስቴቶች መካከል ባለው ስምምነት የሚመራ ሌላ ሂደት ነው። ለሁለቱም ችሎቶች የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ልጁ በራሱ ጉዳይ ላይ እንዲያስተረጉምልዎ አያድርጉ።