ንዴቱን ዋጥኩት፤ ልቤ ግን ሥራዬ ላይ የለም

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና አካባቢ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አለቃዬ ሰው ፊት ሲያመናጭቁኝ ፈገግ ብዬ «እሺ» እላለሁ። ባልደረቦቼ «ቻይ ነሽ» ይሉኛል። ከዚያ ግን «እንዲህ ብላቸው ኖሮ» እያልኩ ሳብሰለስል እውላለሁ። የደመርኩትን መልሼ እደምራለሁ። ማታ ስድስት ኪሎ መውረድ ሲገባኝ ታክሲው ሽሮ ሜዳ ያደርሰኛል። ቤት ስገባም ላለማሰብ ስልኬ ላይ ተጥጄ አመሻለሁ። አእምሮዬ ደክሞ ይሆን?
ቻይዋ ነኝ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አእምሮዎ ሥራ በዝቶበት ነው። ፈገግ ሲሉ ንዴቱ አልጠፋም፤ ፊትዎ ላይ እንዳይነበብ እየጠበቁት ነው። ጥበቃው ደግሞ ለሒሳቡ የሚያስፈልግዎትን ትኩረት ይሻማል። ጄን ሪቻርድስና ጄምስ ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ፊልም እያዩ ስሜታቸውን በፊታቸው እንዳያሳዩ የታዘዙ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን ከሌሎቹ ያነሰ ነበር ያስታወሱት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማብሰልሰሉ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ካሊፎርኒያን የመሬት መንቀጥቀጥ ከመምታቱ ሁለት ሳምንት በፊት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ ስሜታቸው ጠይቃ ነበር። ከአደጋው በኋላ ስታያቸው፣ ቀድሞም የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ይበልጥ በድብርት ተጠቅተው ተገኙ። ስናብሰለስል መፍትሔ የምንፈልግ ይመስለናል፤ ሐሳቡ ግን «ለምን እኔን?» ከሚለው አያልፍም። ትኩረት ሲበታተን ደግሞ ከዚያ መላቀቁ ራሱ ይከብዳል። ስልኩም ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

እኛ ዘንድ ቻይነት ይመሰገናል፤ እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው። ቢሆንም አለቃዎን ለብቻቸው ሲያገኙ «ስሕተቴን ለብቻዬ ቢነግሩኝ ቶሎ አርማለሁ» ማለት ከጨዋነት አያወጣዎትም፤ እባክዎ ይሞክሩት። ለጊዜው ካልደፈሩ ወረቀት ላይ ያስፍሩት፦ ምን ተባልኩ፣ ምን ተሰማኝ፣ ነገ ምን አደርጋለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ወረቀቱን አጥፈው አያስቀምጡት። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ረዳቱ የሚጠራቸውን ሠፈሮች ያዳምጡ፤ ሐሳቡ መልሶ ሲወስድዎ ራስዎን ሳይቆጡ ወደ ድምፁ ይመለሱ።

መከፋቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩረት ማጣቱ ከልጅነትዎ ጀምሮ የነበረ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መነሻው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናውም ይለያል።