ሥርዓት የሌለው ገጽ የክሪስታልን መዋቅር ሊለውጥ ይችላልን?

ጥያቄ፦ ፔንታሲን የተባለው ኦርጋኒክ ውህድ በሲሊከን ዳይኦክሳይድ ገጽ ላይ በስሱ ሲነጠፍ፣ ከተለመደው ክሪስታሉ (ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ከተደረደሩበት ጠጣር) የተለየ መዋቅር እንደሚይዝ አነበብሁ። የዚህ ገጽ አተሞች እንደ መስታወት አተሞች ያለ ሥርዓት የተበታተኑ ከሆኑ፣ ራሱ የሌለውን ሥርዓት ለሞለኪውሎቹ ከየት አምጥቶ ይሰጣቸዋል?

መልስ፦ ገጹ የሚሰጠው ሥርዓት የለም፤ የሚሰጠው ጠፍጣፋነቱን ብቻ ነው፤ የሚገርመውም ይኸው መብቃቱ ነው።

ፔንታሲን አምስት የቤንዚን ቀለበቶች፣ ማለትም ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቶች፣ በአንድ መስመር የተያያዙበት፣ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ሞለኪውል ነው። እንደ መዳብ ባለ ንጹሕ ብረት ላይ ሲያርፍ ብረቱ ቀለበቶቹን አጥብቆ ስለሚስባቸው የመጀመሪያው ድርድር (የሞለኪውሎቹ ንብብር) ይጋደማል። ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ግን የሚስበው በደካማው ስለሆነ፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ መሳሳባቸው ያይልና በጫፋቸው ቆመው ጎን ለጎን ይደረደራሉ። በተለመደው ክሪስታል ውስጥም በየድርድሩ ዘንበል ብለው ይቆማሉ፤ በጠፍጣፋው ገጽ ላይ ግን ይበልጥ ቀና ይላሉ። ይህም በኤክስሬይ ልኬት በግልጽ ይታያል፤ በተለመደው ክሪስታል ውስጥ የአንድ ድርድር ውፍረት ከ1.41 እስከ 1.45 ናኖሜትር ሲሆን፣ በስሱ ንጣፍ ውስጥ ወደ 1.54 ናኖሜትር ያድጋል።

የገጹ ስበት ከጥቂት ድርድሮች በላይ እምብዛም አይሰማም፤ ሆኖም የተለወጠው መዋቅር በአሥር የሚቆጠሩ ናኖሜትሮች ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት የገጹ ሥራ በዋናነት የሚፈጸመው ክሪስታሉ በሚወለድበት ቅጽበት ነው፤ የመጀመሪያው ድርድር ከተተከለ በኋላ እያንዳንዱ ድርድር ለሚቀጥለው ወለል ይሆነዋል። ንጣፉ እየወፈረ ሲሄድ ግን የተለመደው መዋቅር ከአዲሱ ጎን ብቅ ማለት ይጀምራል፤ ይህ የሚሆንበት ውፍረት እንደ ወለሉ ሙቀትና እንደ አነጣጠፉ ፍጥነት ይለያያል።

ይህ ለትራንዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት ለሚቆጣጠር መሣሪያ) ሠሪዎች ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በትራንዚስተር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚጓዘው ከገጹ ጋር ትይዩ ሆኖ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሞለኪውሎች መንገዱን ያቀኑለታል። ገጹን አስቀድሞ በስስ የሲሌን (የሲሊከን ውህድ) ሽፋን መቀባት የተለመደ ሥራ የሆነውም ሞለኪውሎቹ የሚያርፉበትን የመጀመሪያ ወለል ለመቆጣጠር ነው።